የጋቢናው ወንበር

ካፒቴን መኪናውን መፈታታት የጀመረ ሰሞን ሚስቱ ደስ ብሏት ነበር። ባሏ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። ዕረፍት ወጣሁ ብሎ ቤት መዋል ሲያበዛ፣ ሥራ ፈትቶ ከሚነዘንዘኝ የገዛ መኪናውን ቢነካካ ይሻላል አለች።

ካፒቴን ብለው ያወጡለት ጎረቤቶች ናቸው። የዚያችን አሮጌ መኪና መሪ ከእሱ በቀር የነካ ሰው የለማ! ሚስቱ እንኳ መንጃ ፈቃድ እያላት፣ ከተጋቡ ጀምሮ ጋቢና፣ ከጎኑ ተቀምጣ ከመሄድ ሌላ ዕጣ አልነበራትም። ባለፈው ወር ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ መንጃ ፈቃድሽን አሳድሺ እያለ ነዝንዞ አሳደሳት።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋ የቆመችበት መጠለያ ከስፌት ክፍሏ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እየረገጠች ሁሉን ታያለች።

መጀመሪያ የዳሽቦርዱን እንጨት ነቅሎ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ቫርኒሽ ቀባው፤ ሲደርቅ እንደገና ፋቀው፤ እንደገና ቀባው። ሰማዩ ጠቁሮ መጠለያው በጨለመ ቀን እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጫፍ እንጨቱን ሲዳስስ አይታ ሳቀችበት።

«ዋሻ ነው እንዴ? መብራቱን አብራ እንጂ!»

«ለዚህ ሥራ ከዓይን ጣት ይሻላል» አላት።

እውነቱን ነው፤ እንጨት ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሳቋ የቆመው ሥራው ወንበሮቹ ላይ ሲደርስ ነው። የሹፌሩን ወንበር ጠረግ ጠረግ፣ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ተወው። ጥበቡን ሁሉ ያፈሰሰው ጋቢናው ላይ ነበር። አዲስ ስፖንጅ፣ ለስላሳ ቆዳ፣ ከበሩ በላይ ደልደል ያለ የእጅ መያዣ። የመስኮቱን መክፈቻና የቀበቶውን መቆለፊያ ሳይቀር በትናንሽ የነሐስ ጉብታዎች አስጌጣቸው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ እዚያ ስትቀመጥ የተቀደደውን ቆዳ ያልጠገነ ሰው!

ቆዳውን የሚሰፋበትን ክር ራሷ ሰጠችው።

«ቀለሙ ምንድን ነው?» አላት።

«ቡናማ ነዋ! አይሄድም እንዴ?»

«እሱን ነው የምጠይቅሽ፤ የቀለም ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። በይ መርፌውም ላይ አስገቢልኝ።»

አስገባችለት።

ወንበሩ ተሰፍቶ ባለቀ ዕለት ሹልክ ብላ ገብታ ተቀመጠችበት። ካፒቴን ጀርባውን ሰጥቶ ብሎኖች ይለቅማል። ቆዳው ሲንቋቋ ሰምቶ ዞረ።

«ተነሺ! እዚያ አትቀመጪ። ያ ቦታ ያንቺ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«ሲያልቅ ታውቂዋለሽ።»

ተነሣች። ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ የሰፋችውን ሁሉ ግን መልሳ ተረተረችው። ከዚያ ወዲህ ያላስተዋለችው ነገር ሁሉ ይከነክናት ጀመር። ዕረፍቱ ማለቂያ አጣ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ለብሶ፣ ጓደኛ ጋ ነው እያለ በታክሲ ይወጣል። ስልኩ ሲጮህ አንዲት ሴት «ነገ በጠዋት፣ እንዳትቀር» ስትለው በጆሮዋ ሰምታለች።

የቀረውን ታላቅ እህቷ ይዛላት መጣች። ክፉ ወሬ ይዛ ስትመጣ እግሯ ይፈጥናል።

«ባልሽን ከአንዲት ወጣት ጋር አየሁት። ክንዷን ይዞ መንገድ ሲሻገር።»

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ይሆናላ።»

«ፊት ለፊት ተላልፈን! እጄን ባውለበልብለት አይቶ እንዳላየ ጥሎኝ አለፈ። አፍሮ ነዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እህቴ። መንጃ ፈቃድሽንስ ለምን ያሳደሰሽ መሰለሽ? መንገድሽን ፈልጊ ሊልሽ ነው።»

እህቷን ሸኝታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ትወደው ነበር፤ ክፋቱ ይኸው ነው። ለዚያች ሴት ወንበር መርፌ ላይ ክር ያስገባሁት እኔው ነኝ ስትል ደሟ ፈላ። ትልቁን የጨርቅ መቀስ አንሥታ ወደ መጠለያው ገሠገሠች። ቆዳውን ዘልዝላው ልትሄድ ነው፤ ልብሷን ከነሻንጣው አሰናድታለች።

ካፒቴን የጋቢናውን በር ተደግፎ ቆሟል። የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ቀና አለ።

«መጣሽ? ልጠራሽ ነበር። አለቀ።»

መቀሱን ከፍታ ፊቱ ላይ አነሣችው። አላፈገፈገም። ጭራሽ ፈገግ አለ። ከሁሉ ያበገናት ይህ ንቀቱ ነው።

«ይሄ ወንበር የማን ነው? ንገረኝና ልሂድልህ!» ድምፅዋ ተቆራረጠ።

ፈገግታው ጠፋ። ኪሱን ዳብሶ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ዘረጋላት፤ ከቆመችበት ትንሽ ወደ ጎን።

«በሹፌሩ በኩል ግቢ» አላት። «እባክሽ።»

ይህን ቃል ከእሱ አፍ መቼ እንደሰማችው አታስታውስም። ግራ እንደገባት ቁልፉን ተቀብላ በዚያ በኩል ገባች። እግሯ ሳትንጠራራ ፍሬኑ ላይ አረፈ፤ ወንበሩ በቁመቷ ልክ ተስተካክሏል። መቀሱ ጭኗ ላይ ቀረ።

እሱ የጋቢናውን በር ከፈተ። መያዣውን ፈልጎ ጨበጠ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጣቱ የነሐሱን ጉብታ አገኘና ቀበቶው ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አላት፣ «የምናልፈውንም ሁሉ እየነገርሽኝ።»