ሦስተኛው ከፍታ

ኢንዓም እጀታ ገና ያልገባለትን ዶማ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድማ፣ ከባዱን የወንዝ ድንጋይ መጀመሪያ ከጉልበቷ፣ ቀጥላ ከወገቧ ከፍታ ለቀቀችበት። ዶማው ጮኸ እንጂ አልተሰነጠቀም። ብረት ቀጥቃጩ ሐመድ ላቡን መጥረግ ረስቶ ያያታል። አምና የሠራላት ዶማ የወርቅ መቆፈሪያ ጉድጓድ ውስጥ ቋጥኝ ሲመታ እንደ ሸክላ ተሰባብሮ፣ ፍንጣሪው ግራ ዓይኗን አጥፍቶባታል። ያን ጊዜ የጋለውን ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ በድንገት ስላቀዘቀዘው ተሰባሪ አድርጎት ነበር። የዘንድሮውን ግን ሚስቱ እየጮኸችበት የቤቱን የሰሊጥ ዘይት ሁሉ ገልብጦ፣ በዚያ ነው ቀስ አድርጎ ያበረደው።

«ይበቃል፣ እህቴ» አላት።

«ቋጥኙ ይበቃል አይለኝም።»

ድንጋዩን ከራሷ በላይ አነሳችው። ሐመድ ዓይኑን ጨፈነ። ጓ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ ተሰብሮ የሚንከባለል ነገር። መሬት ላይ ዘፍ አለ።

ቀጥሎ የሰማው ሳቋን ነበር።

«ወላሂ፣ ለሁለት የተከፈለው ድንጋዩ ነው!» አለች፣ ሰሊጥ ሰሊጥ የሚሸተውን ዶማ ደረቷ ላይ አቅፋ። «ሁለቱንም ጨፈንካቸው እንዴ? ግድ የለም፣ እኔ በአንዷ አይቼልሃለሁ።»