የጆጉ እጀታ

የውሃ ጆግ ከእጃቸው አምልጦ ከተሰበረ ጀምሮ አያትየው ሰላም የላቸውም። ልጃቸው፣ «ሁለተኛ ዕቃ ከጣልሽ ቤቱን ዘግተን እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ብሏቸዋል። ቀኑን ከግድግዳ ጋር ሲያወሩ ቢውሉም፣ ከገዛ ቤታቸው መውጣቱን አይፈልጉም።

የደረሰችላቸው ዲዛይን የምትማረው የልጅ ልጃቸው ናት። የብረት ጆግ ገዝታ እጀታውን በማይደርቅ ጭቃ ለበጠችው።

«መመቸት ያለበት ዕቃው ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሦስት ቀን ተጠቀሚበት፤ የጣቶችሽን ምልክት አይቼ በእጅሽ ልክ እሠራልሻለሁ» አለቻቸው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጣችና እጀታውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«እማማ፣ ማን ነው የሚያግዝሽ?»

«ማን አለኝና? ደጄን ሰው ከረገጠው ወር አልፎታል። ይልቅ አንቺ ከስተሻል፤ ጭቃውን ነው እንዴ የሚያበሏችሁ?»

ልጅቷ አልሳቀችም። በአያቷ ቀጫጭን ጣቶች ምልክት መሃል ሌሎች ወፋፍራም ጣቶች ታትመዋል። አንድ ሰው እጁን በእጃቸው ላይ ደርቦ አብሯቸው ያነሳ ይመስላል።

«እስቲ ውሃ ሞልተሽ አንሺው።»

አያትየው እንዳይጥሉት ተጠንቅቀው ሞልተው ያዙት። ጆጉ ባዶ እንደሆነ ሁሉ ብድግ አለ።

«ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ብቻዬን እችላለሁ» አሉ ደስ ብሏቸው።

የልጅቷ ዓይን እጀታው ላይ ቀርቷል። እሳቸውም አቀርቅረው አዩ። በጣቶቻቸው መሃል፣ ምንም ሳይነካው፣ ጭቃው ቀስ እያለ ይሰረጉድ ነበር።