ዝናብና የተተኮሰ ፀጉር

ፌስታል በሕግ ታግዶ ከአገር ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ሁሉ የሚሸምተው በዘንቢልና በኮባ ቅጠል ነው። እታገኝ ግን እስከ ዛሬ ነገሩን አልተቀበለችውም። ዛሬ ደግሞ ልጇን ሰናይትን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አምራ ልትጠብቃቸው ፀጉሯን ተተኩሳ ስትመለስ፣ ጅማ ገበያ መሃል ዝናብ ያዛት።

የአትክልት ሻጯ የዙበይዳ ዳስ ውስጥ ሮጣ ገባች።

"ድሮ ቢሆን አንድ ፌስታል ራሴ ላይ ጣል አድርጌ እሄድ ነበር። ይሄን ሕግ ያወጣው ሰውዬ ሚስት የለውም" አለች።

ዙበይዳ እየሳቀች ቃሪያ ከምትጠቀልልበት ኮባ ሰፊውን መርጣ ሰጠቻት። "እንቺ ይሄን ድፊ። ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?"

እታገኝ እየተነጫነጨች ደፋችው። ኮባው መንገድ ላይ ተተረተረና ፀጉሯ ተንጨባሮ ቀረ። እያፈረች ቤቷ ስትደርስ በደጇ የሚያልፈው ቦይ ሞልቶ እየጮኸ ይወርዳል። ቆም ብላ አየችው። ሰናይት ሕፃን ሳለች ይኸው ቦይ በፌስታል ተደፍኖ፣ ጎርፉ ቤት ገብቶ ፍራሽ አንሳፎባት ነበር፤ ልጇን ቁምሳጥን አናት ላይ አስተኝታ እስከ ንጋት ውሃ ውስጥ ቆማለች። አሁን ውሃው ደጇን ሳይነካ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ ቀድመዋት ገብተው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉሯን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ።

"ምን ያሳፍራችኋል?" አለች እታገኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ፀጉሬን ተዉትና የተቀመጣችሁበትን ዳብሱት። ደረቅ ነው፣ ተመስገን።"