ቧንቧው ያመነው ቃል

በዚያ ዘመን የቤት ቧንቧ የሚከፈተው ሰው የዕለቱን ደስታ ከልቡ ሲናገር ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ በተስፋ እንዲኖር ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። አስካለ ግን ታሞ የከረመው ልጇ ናሆም ጎህ ሲቀድ ሞተባትና አስከሬኑን የምታጥብበት ውሃ አጣች።

«ፀሐይዋ ደስ ትላለች» አለች ወደ ቧንቧው ጎንበስ ብላ።

ጠብ አላለም።

«ውሸት ያውቃል፤ እውነቱን ንገሪው» አላት ባሏ ደምሰው፣ አጠገቧ ቆሞ እያለቀሰ።

አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አልሰማም» አለች።

ውሃው ተንዶለዶለ። ደምሰው ልቅሶውን አቁሞ አያት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሳፋውን ደቀነች። ልጃቸውን አብረው አጠቡት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ባልና ሚስቱ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።