ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚቆመው ኮቴ

ሊፍት ጠጋኙ የሚስቱን ኮቴ ከሺህ ኮቴ ለይቶ ያውቃል። አሥራ ሁለት ዓመት ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የሽቦና የማርሽ ጥርስ ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ቢዋሸው ጆሮው አይዋሸውም።

የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ባገኘው ቁጥር ይቀልድበታል። «የሰውን ሚስት ሽቅብ ያወጣል፣ የራሱን ሚስት ደረጃ ያስቆጥራል» ይሉታል። ነገሩ ሲበዛበት ከሥራ መልስ፣ በነጻ፣ ሞተሩን ፈትቶ ይገጥም ጀመር።

አንድ ማክሰኞ አምስተኛ ፎቅ ተንበርክኮ የመጨረሻዋን ብሎን ሲያጠብቅ ሚስቱ ከታች መጣች። ኮቴዋ አንደኛን አለፈ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ቆመ። በር ተከፈተ፤ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ፤ ከዚያ ዝም አለ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ኮቴው ቀጠለ።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰዓት ሠሪው ነው። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። ብቻውን ይኖራል፤ ጺሙን በየቀኑ ይላጫል።

የጠጋኙ ሚስት አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ ፊቷ በላብ ርሷል፤ የሸሚዟ የላይኛው ቁልፍ ተፈትቷል። ምን እንዳቆያት ሲጠይቃት ቦርሳው ከብዷት እንደሆነ ነገረችው። ቦርሳውን የያዘችው በቀኝ እጇ ነበር። ሌላ ጊዜ በግራ ነው የምትይዘው።

ያን ዕለት ሊፍቱን ሞከረው። ያለ እንከን ወጣ፤ ያለ እንከን ወረደ። ትንሽ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ማብሪያውን አጥፍቶ ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «አይሠራም» የሚለውን ወረቀት እንደተለጠፈ ተወው። በሊፍት የሚመጣ ሰው ኮቴ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ቀድሟት እየገባ ደረጃው ራስ ላይ ይቆማል። በሥራ ማስታወሻው ላይ፣ ከብሎን ልኮች ሥር፣ ደቂቃ ይጽፋል። ሐሙስ ሦስት። ሰኞ አምስት። በሚቀጥለው ሐሙስ ሰባት። ሌባ ሲለምድ ቤተኛ ይሆናል ብሎ አሰበ። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይም ቆመች። እዚያ የሚኖሩት አንዲት አሮጊት ስለሆኑ አልጻፈውም።

ቤት ውስጥም ነገሯ ሁሉ ተለወጠ። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ትገባና ራት ሲቀርብ ሳህኑን ገፋ ታደርጋለች። ጥርሴን አመመኝ ብላ አገጯን ደግፋ ትቀመጣለች፤ ሲያያት እጇን ታወርዳለች። አልጋ ላይ ወደ እሱ ዞራ መተኛት ትታለች።

ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው።

«ሊፍቱ አላለቀም?»

«ምን አስቸኮለሽ? ደረጃው የተስማማሽ መስሎኝ።»

ሳቀች። ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ዕቃው አልመጣም እንዴ፣ የኔ ጌታ?»

«አልመጣም።»

የኔ ጌታ ማለቷ ከሁሉ አቃጠለው። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። በታመመ ጊዜ አስታምማዋለች፤ ሥራ ባጣ ጊዜ ደሞዟን አምጥታ እጁ ላይ አስቀምጣለች። ታዲያ ያቺ ሴት የት ሄደች? ለታላቅ እህቱ ስልክ ደውሎ አዋያት። እህቱ ሰው አፍ አለው፣ ፊት ለፊት ጠይቃት አለችው። እሱ ግን ሰው የሚያውቀውን ነገር አይጠይቅም ብሎ ዘጋው።

ዓርብ ዕለት የሚስቱን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፎ ከተተ። ያሰበው ቁርጥ ነበር፤ ሻንጣዋን ሰዓት ሠሪው ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ ትዳሩን እዚያው ጨርሶ ሊመለስ።

አመሻሽ ላይ ኮቴዋ ተሰማ። ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሰዓቱን አየ። አምስት ደቂቃ። አሥር። አሥራ አምስት ሲሞላ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ሲያወራ ሰማ። ልወርድ አለና ራሱን ገታ። እጅ ከፍንጅ ካልሆነ ይክዳሉ።

ሃያ ሲሞላ ሻንጣውን አንስቶ ወረደ። አልቸኮለም።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። ሰዓት ሠሪው ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ እጇን ይዟል።

ሻንጣውን መሬት ጣለው። «ስንት ጊዜያችሁ ነው?» አለ።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ከእጅ ሰዓቱ ላይ አላነሳም። «ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ አረፍ ስትል ሕመሙ ይተዋት ነበር። ዛሬ ተቀምጣም አልተዋት፤ ደረቷን ተጭኗት ክንዷና መንጋጋዋ ድረስ ወጥቷል። አምቡላንስ ጠርቻለሁ። ሻንጣዋን ማምጣትህ ደግ አደረግህ፣ ሆስፒታል ማደሯ አይቀርም። በል በዚያ በኩል ያዛት፤ በእግሯ እንዳትራመድ፣ ተሸክመን ነው የምናወርዳት።»

ወንበሩን አንስተው የመጀመሪያውን እርከን ሲወርዱ ሰዓት ሠሪው እንዲህ አለው፦ «የኔዋን የወሰዳት ይኸው ሕመም ነው፣ ሚስትህን ነገ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ እያልኩ ስንቴ ለመንኳት፤ እሷ ግን ‹ጋሼ፣ ደረጃው ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ፣ ባለቤቴ ሊፍቱን ሊጨርስልኝ ነው› ትለኛለች።»