የሾፌሩ ወንበር

መካኒኩ የፍሪሲዮኑን ሸራ አውጥቶ በባለቤቴና በእኔ ፊት አስቀመጠው። ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ይሸታል።

"ይኼ በዕድሜ ያለቀ አይደለም" አለ። "ዳገት ላይ መኪናዋን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን እየያዘ የሚቆም ሰው ነው የፈጀው።"

ባለቤቴ ወደ ጋሽ ዘውገ ዞረች። እኔም አብሬያት ዞርኩ።

ጋሽ ዘውገ ይህችን አሮጌ ፔጆ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት የነዱ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ያርፋሉ። እኔ ደግሞ በአርባ ስምንት ዓመቴ መንዳት እንደማልችል ሰው እንዳያውቅብኝ፣ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ቁልፉን አነሳለሁ። አጭር ስለሆንኩ ወንበሩን እስከ መሪው ድረስ ስቤ፣ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ እለማመዳለሁ።

ይህን አልተናገርኩም።

"ዕድሜም አለ፣ ጋሽ ዘውገ" አልኩ። "ከእንግዲህ ቢያርፉ ይሻላል። እኛም ወጣት ሾፌር እንፈልጋለን።" ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

ጋሽ ዘውገ መኪናዋ ስትጠገን ግቢ ድረስ ነድተው አቆሟትና መሪዋን በጨርቅ ወለወሉ። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ በረንዳው ላይ የቆመችው ባለቤቴ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዳገት ላይ ሲቆሙ በእጅ ፍሬን ይያዟት፣ ጌታዬ። እግርዎ ፍሪሲዮኑ ላይ አይቆይ።"

ከዚያ በሩን መልሰው ከፈቱና ጎንበስ ብለው፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወደ ኋላ ሲመልሱት የኖሩትን ወንበር ለእኔ እግር በሚበቃው ልክ ወደ ፊት ሳቡት።