የስክሪኑ እጅ

የኮምፒውተር ጨዋታው የተቀዳበት ካሴት ሲያፏጭ ቆይቶ ዝም አለ፤ ከጊሊያን ኮምፒውተር ጋር በተያያዘው ቴሌቪዥን ላይ፣ ዒላማ ላይ የሚወረወር ዳርት የያዘ እጅ ብቅ አለ። ጊሊያን ጨዋታውን ስትሠራ ከርማ ዓይኗ ቀልቷል። በእንግሊዟ ሮዘራም ከተማ መጠጥ ቤቶች በዳርት ውርወራ የሚረታው ጠፍቶ የነበረው አባቷ፣ እንደ ወትሮው ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ በግራው ቁልፉን ነካ።

የስክሪኑ እጅ ተንቀጠቀጠ። ወደ ግራ ሸሸት አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሸሸ።

"ምን ነካው ይሄ? ሰክሯል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሁለቴ ዒላማውን ሳተ። ከዚያ ሳቁን ተወና የስክሪኑን እጅ አተኩሮ አየው።

"ካልተንቀጠቀጠማ ጨዋታው ይቀላል፣ አባዬ" አለች በደከመ ድምፅ።

 አባቷ የስክሪኑ እጅ ሸሽቶ እስኪመለስ ጠበቀና ቁልፉን ተጫነ፤ ዳርቱ ዒላማው መሃል ላይ ተተከለ። ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። እሱም ወደ ግራ ሸሸት፣ መለስ ይል ነበር።

"ያላየሽኝ መስሎኝ ነበር" አላት።